የአንድ ግራም ክር ርዝመት

አምቦ ውስጥ ፈትለወርቅን የማያውቅ ሰው ካለ ብርድ የማይበርደው ሰው ነው። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር ጠባብ ሱቅ አለቻት። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ፣ ሁለቱን የሹራብ መርፌዎች እያፋጨች፣ ካለፈ ካገደመው ሁሉ ጋር ስትሟገት ትውላለች። እጇ ሹራብ ይሠራል፣ አፏ ወሬ ይሠራል፤ አንዱ ሌላውን አስቁሞት አያውቅም። የተማሪ ሹራብ፣ የአራስ ልጅ ኮፍያ፣ የዘበኛ ካልሲ፣ ሁሉም ከእጇ ይወጣል። ሁሉም ታዲያ ወፍራም ነው።

«የፈትለወርቅን ሹራብ መሬት ላይ ብታቆመው ሰው ሳይኖርበት ይቆማል» ይላል ባሏ ኦሊቃ። እሱ ሊቀልድባት ነው፤ እሷ ግን እንደ ምርቃት ነው የምትሰማው።

ወፍራም መውደዷ ያለ ምክንያት አልነበረም። የተወለደችው አዲስ ዓለም ነው። እናቷ ወይዘሮ ወለተ ማርያም በአገሩ የታወቁ ቀጭን ፈታይ ነበሩ፤ ከእንዝርታቸው የሚወርደው ጥጥ የሸረሪት ድር ያስንቅ ነበር። ለልጃቸው ስም ሲያወጡም ሙያቸውን ሊያወርሷት ማሰባቸው አልቀረም። ልጅቱ ግን እንዝርት በያዘች ቁጥር ክሩ ይበጠሳል፤ ካልተበጠሰም አንዱ ጋ ፀጉር፣ ሌላው ጋ ጣት ያክላል። «ግድ የለም፣ ጥጃ ማሰሪያ ይሆነናል» እያሉ እናቷ ይስቁ ነበር። ሳቃቸው ክፋት የለበትም፤ ነገር ግን የልጅ ልብ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ኋላ ትምህርት ቤት፣ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ፣ የሹራብ መርፌ ስትጨብጥ ወፍራሙ ክር እንደ ልቧ ታዘዘላት። ከዚያ ወዲያ ለቀጭን ነገር ፊት አልሰጠችም። ኦሊቃን ስታገባ እንኳ «ከመጡት ሁሉ የወፈረውን መረጥኩ» ብላ ሚዜዎቿን አስቃለች።

ኦሊቃ በሥራው ጣሪያ መቺ ነው። ከአምቦ እስከ ጉደር ካለው ቆርቆሮ ብዙው የሱን መዶሻ ቀምሷል።

ኮሮና ጋብ ባለ በዓመቱ፣ ክረምቱ ሲበረታ፣ ጎጆ ከምትባለው የደጋ ከተማ የመጣች ጃለኔ የምትባል ልጅ ማዳበሪያ ከረጢት ተሸክማ ሱቁ በር ላይ ቆመች። ውሃው ከሻሿ ላይ ይንጠባጠባል።

«እትዬ ፈትለወርቅ፣ አካም ጂርቱ?»

«ፈያ፣ ፈያ! ግቢ እንጂ፣ ዝናብ አይምታሽ። ድንች ነው የያዝሽው?»

«ክር ነው» አለች ጃለኔ፣ ከረጢቱን እየፈታች።

ጃለኔ ለውጭ አገር ሹራብ በሚሠራ ፋብሪካ ጥቂት ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ የተጠናቀቀውን ሹራብ ማጠፍና ላስቲክ ማልበስ ነበር። የፋብሪካው ትእዛዝ አልቆ ሠራተኛው ሲሰናበት፣ ለናሙና ተቆርጦ የተረፈውን ክር ለየሰው አከፋፈሉት። ለሷ የደረሳት ሾጣጣ ካርቶን ላይ የተጠቀለለ አራት ጥቅል ነው፤ ሦስቱ የተቆላ ገብስ መልክ ያላቸው፣ አንዱ ነጭ።

«ካሽሚር ይሉታል። የፍየል ነው። ከላይ ያለው ሻካራ ፀጉሯ አይደለም፤ ከሥሩ፣ ለብርዱ ብላ የምታበቅለው ለስላሳው ነው።»

«የጎጆ ፍየል እንዲህ ያለ ነገር ደብቃብናለች?»

«የጎጆ አይደለችም፣ የሩቅ ምሥራቅ ናት። ከጎጆ የባሰ ብርድ አለ እዚያ።»

«ከጎጆ የባሰ ብርድ አለ?» አለች ፈትለወርቅ፣ ከልቧ ተገርማ።

ጃለኔ የመጣችበትን ጉዳይ ዘረዘረች። አባቷ ኦቦ ቀጀላ በጎጆ የታወቁ አስታራቂ ናቸው። በወሰን የተጣላ፣ በውርስ የተኳረፈ ሁሉ ለጃርሱማ፣ ለሽምግልና፣ እሳቸው ዘንድ ነበር የሚሄደው። አምና ሳንባቸውን ታመው ከዳኑ ወዲህ ግን ብርዱን አልቻሉትም። የሱፍ ሹራብ ሲለብሱ ገላቸው ይቀላል፣ ሌሊትና ቀን ያሳክካቸዋል። ጋቢ ሲደረብላቸው ደግሞ ይከብዳቸዋል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ከእሳት ዳር አይነሱም። ባለጉዳይ ቤት ድረስ ሲመጣ «እሳት የሚሞቅ ሰው ሰው አያስታርቅም፤ ቦታው ድረስ ሄዶ ወሰኑን ያላየ ምን ይናገራል?» ብለው ይመልሱታል። በዚሁ የተነሳ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ የገብስ ማሳ ድንበር ተኳርፈው፣ ሌላ ሽማግሌ አንቀበልም ብለው፣ የሳቸውን መዳን ይጠብቃሉ።

«የማይከብድ፣ የማያሳክክ፣ የሚያሞቅ ሹራብ ነው የምፈልገው» አለች ጃለኔ።

«ሦስቱንም ባንድ ላይ?» ፈትለወርቅ ክሩን በጣቷ መዘዝ አድርጋ አየችው። እንደ ፈራችው ቀጭን ነው። እምቢ ልትል ነበር፤ ልጅቷ እየተንጠባጠበች ስትጠብቃት ጊዜ ግን «እሺ፣ ተይልኝ» አለች።

ጥቅሎቹ ሥር ወረቀት ተለጥፏል። በገብስማዎቹ ላይ 2/28 ይላል፣ በነጩ ላይ 2/60። ፈትለወርቅ በራሷ መንገድ አሰበችው። የጫማ ቁጥር ሲያድግ ጫማው ይተልቃል። የሹራብ መርፌም ቁጥሩ ሲያድግ ይወፍራል። እንግዲያስ ወፍራሙ ክር ባለ ስድሳው ነው። ዐይኗ ነጩ እንደሚሳሳ ቢነግራትም «ተጠምዝዞ ይሆናል፣ ሲሠራ ይወፍራል» ብላ ዐይኗን ተከራከረችው። የዘወትር መርፌዋን አንስታ በነጩ ጀመረች።

የወጣው ነገር ወንፊት ነበር። ኦሊቃ ከሥራ ሲገባ አንስቶ ፊቱ ላይ ዘረጋውና በቀዳዳዎቹ እያያት «ሽሮ ልንነፋበት ነው?» አላት።

«ክሩ ነው እንጂ እኔ ምን ላድርግ! ስድሳ ቁጥር ብለው ፀጉር ይሰጡኛል!»

በማግስቱ ጃለኔ መጥታ ስታየው ሳቋን መያዝ አቃታት። ከዚያ ግን የሆነ ነገር ትዝ አላት። «ፋብሪካው ውስጥ ባለ ሃያ ስምንቱ ባለ አሥራ ሁለት ጌጅ ማሽን ላይ ነበር የሚገባው። ስድሳው ከሱ ለረቀቀው ማሽን ነው።»

ኦሊቃ ምሳውን እየበላ ነበር፤ ጌጅ የሚለውን ቃል ሲሰማ ቀና አለ። «ጌጅ አልሽ? ጌጅማ የኔ ቋንቋ ነው። ቆርቆሮም በጌጅ ነው። ባለ ሃያ ስምንት ቆርቆሮ ወፍራም ነው፣ ባለ ሠላሳ ሁለት ይሳሳል፣ ባለ ሠላሳ አምስቱን ደግሞ በረዶ ይበሳዋል። ቁጥሩ ሲያድግ ነገሩ ይቀጥናል።»

«ክርና ቆርቆሮ ምን አገናኛቸው?»

«ቁጥራቸው፤ አንቺንም ያሳሳተሽ እሱ ነው» አላት።

ጃለኔ የማሽን ባለሙያ ለነበረ የቀድሞ የሥራ ጓደኛዋ ደወለች፤ ስልኩንም ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አደረገችው። ሰውየው በትዕግሥት አስረዳቸው። ሃያ ስምንት ማለት አንዱ ነጠላ ክር ሃያ ስምንት ሜትር ተዘርግቶ አንድ ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ከፊቱ ያለው ሁለት ደግሞ እንዲህ ያሉ ሁለት ነጠላዎች አንድ ላይ ተገምደዋል ማለት ነው። «ስለዚህ ግማሹን ውሰዱ፤ እጃችሁ ላይ ያለው ክር በአንድ ግራም አሥራ አራት ሜትር ይሄዳል። ስድሳው ሠላሳ ሜትር ይሄዳል። ክብደታቸው እኩል ሆኖ የረዘመው ነው ቀጭኑ።»

ስልኩ ሲዘጋ ፈትለወርቅ ራሷን ነቀነቀች። «አንድ ግራም አሥራ አራት ሜትር? አንድ ግራም እኮ የጆሮ ጉትቻ ናት! ይኼ ልጅ ዋሽቶሻል።»

«አልዋሸም» አለ ኦሊቃ። «እውነት ከሆነ የሳምንቱን ዕቃ ታጥቢያለሽ፣ ውሸት ከሆነ እኔ አጥባለሁ።»

«ተነስ!»

ሦስቱ ተያይዘው ወደ ጋሽ ወልደሰንበት ወርቅ ቤት ሄዱ። ጋሽ ወልደሰንበት የተከበሩ አንጥረኛ ናቸው፤ ሚዛናቸው መስታወት ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ሲመዝኑ ትንፋሽ እንኳ ይዘው ነው።

«አንድ ግራም ይመዝኑልኝ» አለች ፈትለወርቅ።

«ደግ፣ ደግ። ምን ገዛሽ?»

«የፍየል ፀጉር።»

ጋሽ ወልደሰንበት መነጽራቸውን አውልቀው አይዋት፣ መልሰው አደረጉት። ክሩን በመቀስ ከጫፉ እየቆረጡ፣ እየቀነሱ ልክ አንድ ግራም ላይ አቆሙት። መዳፏ ላይ ሲያስቀምጡት እፍኝ ቀርቶ ቁንጥር አይሞላም።

ጃለኔ አንዱን ጫፍ ይዛ ወርቅ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ፈትለወርቅ ሌላውን ጫፍ እየለቀቀች በእግረኛው መንገድ ወደ ታች ሄደች። ኦሊቃ የአናጢ ሜትሩን ዘርግቶ ከኋላ ከኋላዋ ይከተላል። ክሩ ከወርቅ ቤቱ አለፈ። ፎቶ ቤቱንም አለፈ። ጁስ ቤቱ ጋ ሲደርስ የቤቱ ባለቤት ምኞት ሜትሩን አይታ ብርጭቆ እንደያዘች ሮጣ ወጣች።

«መንገድ ሊሰፋ ነው እንዴ? እኛን ይነካናል?»

«ኧረ ክር ነው የምንለካው!»

«ክር ለመለካት አስፋልት ድረስ?» አለች ምኞት፤ ግን አልገባችም፣ ቆማ ታይ ጀመር። ሁለት ባጃጆችም ቆሙ። ክሩ ተወጥሮ ሲያልቅ ኦሊቃ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አነበበ። አሥራ አራት ሜትር ሊሞላ ጣት የማይሞላ ቀርቶት ነበር። «በመቀስ የተበላው ነው!» ብሎ እጁን አጨበጨበ፤ ለምን እንደሆነ ያልገባቸው የባጃጅ ሾፌሮችም አጨበጨቡ።

ፈትለወርቅ ግን ጫፉን እንደያዘች ቀረች። በጣቶቿ መካከል ያለው ነገር ክብደት የለውም፤ ቢሆንም መንገዱን ተከትሎ ጃለኔ ድረስ ሄዷል። ቀጭን ሲባል እስከዚያ ቀን የምታውቀው ደካማ የሚለውን ብቻ ነበር። ይኼ አልደከመም፤ ተጎትቶ እንኳ አልተበጠሰም። «ነጩንም ይመዝኑልን!» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ነጩ ፎቶ ቤቱን፣ ጁስ ቤቱን፣ የመድኃኒት መደብሩን አልፎ ማዞሪያው ጋ ሊደርስ ሲል፣ ከሰል የጫነች አህያ መጣችና በአንገቷ ይዛው ሄደች። ርዝመቱን በዐይን ተማምነው ለስድሳው ፈረዱለት።

በመጨረሻ የራሷን የተማሪ ሹራብ ክር አስመዘነች። አንድ ግራሙ ከሦስት ሜትር ብዙም አልዘለለም፤ ከወርቅ ቤቱ ደጃፍ ሳይወጣ አለቀ። ከዚያ ሒሳቡ ገባት። ባለ ሃያ ስምንቱን አራት አድርጋ ባንድ ላይ ብትይዘው ከለመደችው ክር ይጠጋል። የሳምንቱን ዕቃ እያጠበች ስታስብበት፣ ኦሊቃ ደግሞ እግሩን ዘርግቶ «ድስቱን ገልበጥ አድርጊው» እያለ ያዛት ነበር።

በሦስቱ ጥቅል አራት ኳስ አዘጋጅታ፣ አራቱን ክር ባንድ መርፌ ላይ እያስኬደች የጀርባውን ክፍል ሠራች። ክሩ አሁንም የሳሳ ስለመሰላት እንደ ልማዷ ጠበቅ፣ ጠቅጠቅ አድርጋ ነው የሠራችው። ሲያልቅ ኮራች። ለብ ባለ ውሃና በሻምፑ አጥባ፣ ጨምቃ፣ ዘረጋችው። ሲደርቅ አንስታ ብታየው ሌላ ነገር ሆኖ ጠበቃት። አብጧል፣ ተነፍቷል፤ የሚያብጥበት ቦታ ስላጣ ግን እርስ በርሱ ተያይዞ ምንጣፍ ሆኗል። ይለሰልሳል፤ አይታጠፍም። ለመተርተር ብትሞክርም ክሩ አልለቀቀም።

ኦሊቃ ለሁለት ቆረጠውና ጣሪያ ላይ ሲወጣ ከጉልበቱ ሥር ማድረግ ጀመረ። «በምዕራብ ሸዋ እንደኔ የሚንበረከክ አናጢ የለም» እያለ ለሰው ሁሉ ያሳያል። ጃለኔ ስታየው መጀመሪያ ደነገጠች፣ ከዚያ ግንባሯን መታ አደረገች።

«ረሳሁት! ክሩ ከፋብሪካ ሲመጣ ዘይት አለበት፤ ሲታጠብ ዘይቱ ለቆ ክሩ ያብጣል። እዚያም ሹራቡ መታጠቢያ ክፍል የሚገባው እንደ ጣውላ ሆኖ ነው፣ ሲወጣ ጫጩት ይመስላል።»

ፈትለወርቅ ነገሩ ከነከናት። እሑድ ዕለት ከአንደኛው የጉልበት መደገፊያና ከአንድ ኳስ ክር ጋር ሚኒባስ ተሳፍራ አዲስ ዓለም ሄደች። ወይዘሮ ወለተ ማርያም ዐይናቸው ደክሟል፤ ጣቶቻቸው ግን አልደከሙም። ምንጣፉን ዳሰሱት፣ በከንፈራቸው ነካ አደረጉት።

«ይኼን ክር ማነው ያነቀው?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

«ነጠላ ከሸማኔ ሲመጣ ሳስቶ አይደለም እንዴ የሚመጣው? ውሃ ሲነካው ነው የሚሞላው። ሸማኔው ከመጀመሪያው ጠቅጥቆ ቢሠራው ሰሌን ነበር የምንለብሰው። ክፍተት ተዪለት፣ ራሱ ይሞላዋል።» ከዚያ ኳሱን ተቀብለው ክሩን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ረጅም ጊዜ አንከባለሉት። «ይኼስ የማን ፈትል ነው?»

«የማሽን ነው።»

«ማሽን?» አሉ ወለተ ማርያም፤ ክሩን አንድ ጊዜ ደግመው አንከባለሉና «ጎበዝ ነው» አሉ።

ፈትለወርቅ ያን ሁሉ ዓመት የያዘችውን ድንገት ተናገረችው። «ያኔ የኔን ፈትል ጥጃ ማሰሪያ ነበር የምትይው፤ ታስታውሻለሽ?»

«የትኛውን ጥጃ?» አሉ እናቷ፣ ግራ ተጋብተው።

ፈትለወርቅ ሳቀች፤ እናቷም የተሳቀበት ሳይገባቸው አብረው ሳቁ። ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ብቻዋን ፈገግ እያለች ነበር።

በዚህኛው ጊዜ አራቱን ትታ ሦስት ክር ባንድ ላይ ያዘች። እጇን እያሳሰበች ላላ አድርጋ ሠራች። በመካከሉ እየጠበቀ የሄደ መስሎ ሲታያት ትተረትረዋለች። መጀመሪያ መዳፍ የሚያክል ቁራጭ ሠርታ አጠበች፤ ሲደርቅ ቀዳዳዎቹ ሞልተው፣ ቁራጩ ግን እንደ ጨርቅ ሲወድቅ አየች። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሹራቡ የገባችው። በሥራው መካከል ወሬዋ መቀነሱን ያዩ ጎረቤቶች ታማ ይሆናል ብለው ጠይቀዋታል።

ሹራቡ ሲያልቅ ራሷ ልታደርስ ከጃለኔ ጋር ወደ ጎጆ ወጣች። መንገዱ ጭቃ ነው፤ አውቶብሱ እየተንገዳገደ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ብርዱ በመስኮቱ ይገባል። ኦቦ ቀጀላን እሳት ዳር አገኟቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ ናቸው።

«ኑ፣ ኑ፣ ተጠጉ። ሹራብ ነው ያላችሁት? እኔና ሹራብ ከተፋታን ቆየን።»

ፈትለወርቅ አለበሰቻቸው። ኦቦ ቀጀላ እጃቸውን ዘረጉ፣ አጠፉ፣ አንገታቸውን ዳበስ አደረጉ። የሚያሳክከውን እየጠበቁ ነው። ጨዋታው ቀጠለ፤ ስለ ድንቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አምቦ ሰው። ቆይተው በጨዋታው መሐል ዞር ብለው «እንግዲህ አልብሱኝ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ኦቦ ቀጀላ ደረታቸውን ዝቅ ብለው አዩና «ኤዬ፣ ለብሼዋለሁ ለካ» አሉ። ከእሳቱ ዳር ፈቅ አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ በሩ ጋ ደረሱ። ከዚያ በሩን አልፈው ግቢ ውስጥ ቆሙ፤ ነፋሱ ሲነካቸው ትከሻቸውን አላጠፉም። ወዲያው ጃለኔን ጠሩ። «የተኳረፉትን ጎረቤታሞች፣ ቶሌራንና ሌንጂሳን፣ ማሳው ላይ እንዲጠብቁኝ ላኪባቸው። ዱላዬን አምጪልኝ።»

ማሳው ሩቅ አልነበረም። ሁለቱ ኩርፈኞች ፊት ለፊት ላለመተያየት ጀርባ ለጀርባ ቆመው ነበር። ኦቦ ቀጀላ ድንበሩን ከዳር እስከ ዳር በእግራቸው ሄዱበት፣ የወሰኑን ድንጋይ አዩ፣ የሁለቱንም ነገር አዳመጡ። ከተሰበሰቡት ሽማግሌዎች አንዱ በነገሩ መሐል የሹራቡን እጅጌ እየዳሰሰ «ባሬዳ! እንዴት ያምራል! ይኼ ምንድነው?» ቢል ኦቦ ቀጀላ እጁን መታ አደረጉ። «ጉዳዩ ይለቅና ትነካለህ።» ፀሐይ ሳያዘቀዝቅ ሁለቱ ጎረቤታሞች ድንጋዩን አብረው ተሸክመው ከቦታው አኖሩት፤ ተሳሳሙም። ከዚያ ሹራቡን የሚነካ ሰልፍ ሆነ። ፈትለወርቅ ዳር ቆማ እንባዋንም ሳቋንም ባንድ ሻሽ ትጠርግ ነበር።

«ገላቶሚ፣ ምስጋና ይድረስሽ፣ ልጄ» አሏት ኦቦ ቀጀላ ሲሸኟት። «ልብሱን ብቻ አይደለም የሰጠሽኝ፤ ደጄን ነው።»

አውቶብሱ ሊነሳ ሲል አንዲት የጎጆ ሴት እያለከለከች መጥታ ጥሬ የጠቦት ሱፍ የሞላው ከረጢት በመስኮቱ አስገባችላት። ከበጎቿ መርጣ በመቀስ የሸለተችው ነው። «ከዚህስ ምን ይወጣል? እስቲ እይልኝ!» ብላ መልስ ሳትጠብቅ ሄደች። ከረጢቱ ሲሞቅ ሽታው መኪናውን ሞላው። ከኋላ አንድ ሰው «ኧረ በጉን አውርዱልን!» ብሎ ጮኸ።

«በጉ የለም፣ ልብሱ ብቻ ነው» አለች ፈትለወርቅ፣ ከረጢቱን እቅፍ አድርጋ። «እሱ እዚያ ራቁቱን ቀርቷል፤ አንተ እዚህ ታማርራለህ።» ሰዉ ሳቀ፤ አንዲት ሴትዮ መስኮት ከፈተች፣ ሌላዋ ብርድ ገባ ብላ ዘጋች፤ አውቶብሱም ወደ አምቦ ቁልቁለቱን ያዘ።